ከሠላሳ በታች

በ2071 ዓ.ም. ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ጠዋት፣ ኢክራም ይመር ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ጆሮዋ ውስጥ ያለው አስጠኚ ደረጃዋን ነገራት።

«አንደኛ» አላት በዚያ በማይቸኩል፣ በማይደክም ድምፁ። «ከአርባ አራት ተመራቂዎች አንደኛ። እንኳን ደስ አለሽ። ቁርስሽን ቀለል አድርጊ፤ መድረክ ላይ ልብሽ በደቂቃ ከመቶ አሥር በላይ እንዳይመታ።»

ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። እናቷ ከዲጃ ሳሎን ውስጥ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች የጠዋት ፈረቃዋን እየጨረሰች ነበር። ከዚያች ወንበር ሳትነሳ የደረቅ ወደቡን ስድስት ክሬኖች ታንቀሳቅሳለች። ጣቶቿ አየር ላይ ሲወዛወዙ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ አንድ ኮንቴይነር ይነሳል፤ ጣቶቿ ሲረጋጉ ይቀመጣል። በሩ አጠገብ ዚፑ የተዘጋ ሻንጣ ቆሟል።

«እማ፣ ለመሄጃው እኮ ገና ሁለት ወር አለ» አለች ኢክራም።

«ይኑር። እዚያው ይቁም፣ ዓይኔ ይየው» አለች ከዲጃ ጣቶቿን ሳታቆም።

ሻንጣው ትልቅ ነገር ነበር። በየዓመቱ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ተመራቂዎች ብቻ አዲስ አበባ ሄደው በአካል ይማራሉ፤ ከሰው ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን አውጥተው ሰው ይጠይቃሉ። ሌላው ሁሉ እቤቱ ሆኖ ከአስጠኚው ጋር ይቀጥላል። ኢክራም ይህን ቀን ስትጠብቅ አድጋለች። አባቷ ይመር ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት እንኳ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የጠየቃት ነገር ቢኖር «ዛሬ ስንተኛ ነሽ?» ብሎ ነው።

የምረቃው ሥርዓት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነበር። ከአንደኛ እስከ ሠላሳኛ የወጡት በስማቸው ይጠራሉ፣ ስማቸው በትልቁ ሰሌዳ ላይ ይበራል፣ ሜዳሊያ ይጠለቅላቸዋል። ከሠላሳ በታች ያሉት «የተቀሩት ተመራቂዎች» ተብለው ባሉበት ይቆማሉ፤ አዳራሹ ለአሥር ሰከንድ ያጨበጭብላቸዋል፤ ይቀመጣሉ። በመዝገቡ ላይ ከዚያ በኋላ ያላቸው ቁጥር ብቻ ነው። ሥራ ሲፈልጉም፣ ቤት ሲከራዩም የሚታየው ያ ቁጥር ነው።

ሜዳሊያውን የሚቀበል ተማሪ በመጀመሪያ ማይክራፎኑ ፊት ቆሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፦ «ያገኘሁት ሁሉ በራሴ ነው።» ደንቡ ከሌላ ሰው እርዳታ የተቀበለ ተማሪ እዚያው መድረክ ላይ እንዲያሳውቅ ይፈቅዳል። ያሳወቀ ከደረጃ ዝርዝሩ ወጥቶ ከተቀሩት ጋር ይደመራል። በኢክራም ትምህርት ቤት፣ በጋራ ግርጌ ሁለተኛ ደረጃ፣ ይህ ደንብ በሥራ ላይ ከዋለ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። እስከዚያን ቀን ድረስ አንድም ሰው አሳውቆ አያውቅም።

እርዳታ እንዳይኖርም ብዙ ተደክሟል። በግቢው ውስጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ መሬት ላይ ነጭ ክብ ተቀብቶለታል፤ በእረፍት ሰዓት የሚቆመው እዚያ ነው። ከክብ ወደ ክብ ማውራት ይቻላል። ስለ ኳስ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ዘፈን እንደልብ ነው። ወሬው ወደ ትምህርት ሲጠጋ ግን አስጠኚው ጆሮ ውስጥ በቀስታ «ጢን» ይላል። ሁለተኛው «ጢን» ይመዘገባል። ስለዚህ ልጆቹ ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ማቆም ለመዱ። በሰርግና በለቅሶ ቤት እንኳ ሳይታወቃቸው ያቆማሉ፤ አዛውንቶች ይህን ትውልድ የሚለዩት በዚህ ነው ይባላል።

አንድ ቦታ ብቻ አስጠኚው አይሰማም ነበር። ከግቢው ጀርባ የተሰበሩ ወንበሮች የተከመሩበት አሮጌ መጋዘን አለ፤ ጣሪያው አሁንም ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲወርድበት ጆሮ ያደነቁራል። አስጠኚው ሁለት ጊዜ «አልሰማሁሽም» ይልና ዝም ይላል።

ኢክራም ይህን ያወቀችው አሥረኛ ክፍል ሳለች በበልግ ዝናብ ልትጠለል ገብታ ነው። እንድሪስ አራጋው ከእሷ ቀድሞ ገብቶ የወንበር ክምር ላይ ተቀምጧል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለማንኛውም ነገር የማይቸኩል ልጅ ነው። አስጠኚው ጥያቄ ጠይቆ ስምንት ሰከንድ ይጠብቃል፤ እንድሪስ ስምንት ሰከንድ በቅቶት አያውቅም። መዝገቡ ላይ «የትኩረት ጉድለት» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁልጊዜ ሠላሳ አምስተኛ፣ ሠላሳ ስድስተኛ፣ ሠላሳ ሰባተኛ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ፊቷን አይቶ። የዝናቡን ድምፅ ለማለፍ መጮህ ነበረበት።

«ቅጽበታዊ ፍጥነት የሚባለው አልገባኝም» አለች። አስጠኚው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በአሥራ ዘጠኝ መንገድ አስረድቷታል። ይህን ስትናገር በልማድ «ጢን»ን ጠበቀች። አልመጣም።

እንድሪስ ትንሽ አሰበ። «ባቡሩ በዚያ ምሰሶ አጠገብ ሲያልፍ፣ ልክ ባለፈባት ቅጽበት፣ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል?»

«እየሄደ ነዋ!»

«በዚያች ቅጽበት ብቻ ስንት ሜትር ሄደ?»

«ምንም።»

«ታዲያ እንዴት ሄደ?»

መልሱን አልነገራትም። ዝናቡ አባራ፣ እሱም ወጥቶ ሄደ። ኢክራም ጥያቄውን ሁለት ቀን ይዛው ዞረች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳህን እያጠበች በድንገት ገባትና ብቻዋን ሳቀች፤ ከዲጃ ደንግጣ ክሬን አቆመች።

ከዚያ በኋላ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ መጋዘኑ መሮጥ ጀመረች። ቀጥላ ብዙአየሁ የምትባል የክፍሏ ልጅ መጣች፤ ብዙአየሁ ሌላ ሰው ጠራች። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል በልግ ላይ በዚያ መጋዘን ውስጥ ሠላሳ አምስት ሰው ተጨናንቆ ይቆም ነበር። ደመና ሲጠቁር ክፍሉ በሙሉ በመስኮት ይመለከት ነበር፤ አስጠኚዎቹም ይህን «ወቅታዊ መበታተን» ብለው መዘገቡት። እንድሪስ ለአንዱም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጠይቃል። እሱ ሲጠብቅ ስምንት ሰከንድ የሚባል ነገር የለም።

በምረቃው ቀን አዳራሹ በር ላይ ኢክራምና እናቷ ጋሽ አራጋውን አገኟቸው። የእንድሪስ አባት ናቸው። የውኃ መስመር ይጠግናሉ፤ እጃቸው ሻካራ ነው። የለበሱት ግራጫ ኮት አዲስ ስለሆነ እጅጌው ላይ ያለው ምልክት እንኳ አልተነቀለም።

«የኔ ልጅ፣ ከእንድሪስ ጋር አይደለሽ የምትማሪው?» አሏት።

«አዎ፣ ጋሽ አራጋው።»

«ስንተኛ ላይ ነው ስሙን የሚጠሩት? ሲጠሩት ልቆም ነው። ጆሮዬ ትንሽ ከብዶኛል፣ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። አጠገቤ ያለውን ሰው ጎሸም አድርገኝ ልበለው?»

ኢክራም እንድሪስ ሠላሳ ሰባተኛ መሆኑን ታውቃለች። ለአባቱ አልነገራቸውም ማለት ነው። ወይም ነግሯቸው ሠላሳ ሰባተኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላወቁም።

«ይነግሩዎታል» አለች። ከዚያ የተሻለ ነገር አልመጣላትም። ሄዳ ከፊት ረድፍ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስጠኚው «መቶ አራት» አላት። «በቀስታ ተንፍሺ።»

ርዕሰ መምህሩ አቶ ወንድይፍራው መድረኩ ላይ ወጡ። የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከቀሩት ሰዎች ሁሉ ቲቸር ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሕጉ የተመራቂዎች ስም በሰው ድምፅ ይነበብ ስለሚል ነው የቀሩት፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሌላው ሥራቸው ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሰላም ማለት ነበር። ከኋላቸው ያለው ሰሌዳ በራ። ሠላሳ ስሞች ወጡ፤ ከታቻቸው ከሠላሳ አንድ እስከ አርባ አራት ቁጥሮች ብቻ ተደረደሩ።

«አንደኛ፣ ኢክራም ይመር!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከዲጃ ከመቀመጫዋ ተነስታ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ኢክራም ደረጃውን ወጥታ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። ከዚያ ሆና ጋሽ አራጋው ይታዩአታል። አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው ያወሩታል።

«ያገኘሁት…» አለች። ቆመች። ከአሥራ ሁለት ዓመት ልማድ የተነሳ «ጢን» የሚል ነገር የሰማች መሰላት፤ ግን አስጠኚው አልተናገረም፤ ዝም ያለችው ራሷ ናት።

አቶ ወንድይፍራው ማይክራፎኑን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «አብሽሪ፣ ልጄ። በይውና ውረጂ። ሦስት ቃል ነው የቀረሽ።»

«ቲቸር፣ እውነት አይደለም እኮ» አለቻቸው።

መዳፋቸው ማይክራፎኑ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አነሱት።

«እርዳታ ተቀብያለሁ» አለች ኢክራም፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ሒሳብንም ፊዚክስንም ያስተማረኝ እንድሪስ አራጋው ነው። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ። ከአስጠኚው አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰምቼ ያልገባኝ እሱ በጠየቀኝ ጥያቄ ነው የገባኝ። እንድሪስ አራጋው ነው።» ስሙን ሁለት ጊዜ ያለችው ሆን ብላ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በድምፅ እንዲጠራ ፈልጋ ነበር፤ ሌላ እቅድ አልነበራትም።

ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው መስመር ጠፋ። ሁሉም ስም አንድ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣ።

«ኢክራም!» ከዲጃ ነበረች። «ምን ነካሽ? በአላህ ምን ነካሽ?»

አስጠኚው «መቶ ሠላሳ ሁለት» አላት። ኢክራም ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ አወጣችውና ማይክራፎኑ ሥር አስቀመጠችው። ሜዳሊያ ሳይጠለቅላት ወረደች። የፊት ረድፍ ወንበሯ መብራቱ ጠፍቶ ነበርና ወደ ኋላ ሄዳ ከተቀሩት ጋር ቆመች። እንድሪስ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ደም ለብሷል።

«አንደኛ፣ ናሆም ጌትነት» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

ናሆም ወጣ። መጋዘኑ ውስጥ በየዝናቡ ከፊት የሚቆም ልጅ ነው። ጫማውን እያየ «ያገኘሁት ሁሉ በራሴ ነው» አለ። ሜዳሊያው ተጠለቀለት። ጭብጨባው ተጀምሮ ወዲያው ቀጠነ። «እንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ» አለች ኢክራም በልቧ፣ «ይኸው ነው።»

«ሁለተኛ፣ ብዙአየሁ ሐሰን።»

ብዙአየሁ አጭር፣ ቁጡ ልጅ ናት። ማይክራፎኑን ወደ ራሷ ዝቅ አደረገችው። «እኔንም እንድሪስ ነው ያስተማረኝ። ኬሚስትሪ። መጋዘን ውስጥ ነበርን፣ ብዙ ነበርን።» ወደ ናሆም ዞራ አየችው። «አስጠኚ ባይኖረኝም አልፍ ነበር፤ እንድሪስ ባይኖር ግን ወድቄ ነበር።» ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ ወረደች።

ሰሌዳው እንደገና ተንቀሳቀሰ። ቀጥላ የተጠራችው ሶስና፣ መጋዘኑን ረግጣ የማታውቅ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ቃሉን አለች፤ እውነቷን ነበርና ማንም አላዘነባትም። ከእሷ በኋላ የመጣው ግን «እንድሪስ አራጋው» አለ። ቀጣዩም። የዚያ ቀጣይም። አንዳንዱ እየሳቀ ነው የሚለው፣ አንዱ አለቀሰ። አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ ቃሉን ልትል ጀምራ በሦስተኛው «እንድሪስ» ብላ ሮጣ ወረደች። አንድ ሰው ባሳወቀ ቁጥር ሰሌዳው ላይ አንድ ስም ይጠፋል፣ የታቹ ይነሳል።

ሰባተኛው ሲወርድ፣ በሰሌዳው የመጨረሻ መስመር ላይ አዲስ ስም በራ። ሠላሳኛ፣ እንድሪስ አራጋው።

ከዚያ በፊት ማንም አላሰላውም ነበር፤ ኢክራምም ጭምር። ከማንም እርዳታ ያልተቀበለ ሰው ከዝርዝሩ አይወጣም። የረዳ ሰውስ? ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች አንድ ልጅ ምንም ሳያገኝበት ሌላውን ያስተምራል ብለው ስላላሰቡ፣ ስለ ረጂ አንድም መስመር አልጻፉም።

ጋሽ አራጋው ስሙን አነበቡ። ማንም ሳይጎሽማቸው ተነስተው ቆሙ። እዚያው ቆመው ቀሩ።

አሁን አዳራሹ ገባው። ሰው በየስሙ የእንድሪስን ደረጃ መቁጠር ጀመረ። «ሃያ አራት!» ይላል አንዱ ከኋላ። «አሥራ ዘጠኝ!» ይላል ሌላው። ወላጆች ልጃቸው ከሰሌዳው በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ ደንግጠው ዝም ይሉ ነበር። አሥራ አምስት ላይ ሲደርስ አንድ አባት «ጎሽ፣ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ዝም ያለ አልነበረም። የጭብጨባ ሰዓት የሚቆጥረው መብራት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ እያለ ማንም ሳያየው ቆየ።

ሠላሳ አራት ሰው ወረደ። በሰሌዳው ራስ ላይ ናሆም፣ ሶስና፣ ከእነሱ ቀጥሎ እንድሪስ አራጋው ሆነ። አዲስ አበባ የሚያደርሰው የመጨረሻው ቦታ።

አቶ ወንድይፍራው ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰበረ። እንድሪስ እንደ ልማዱ ሳይቸኩል ወጣ። ማይክራፎኑ ፊት ቆመ። ስምንት ሰከንድ አለፈ፣ ሃያም አለፈ።

«ቲቸር፣ ይህን ቃል ማለት አልችልም» አለ በመጨረሻ። «እነሱ ባይጠይቁኝ እኔም አላውቀውም ነበር። ሰው ላይ ሲበራ ሳይ ነው ለእኔም የሚበራልኝ። ከማን እንደተቀበልኩ ንገር ብትሉኝ ግን ስማቸው ብዙ ነው።»

ሰሌዳው «የረጂውን ስም ያስገቡ» የሚል ጽሑፍ አወጣና መጠበቅ ጀመረ።

አቶ ወንድይፍራው ጽሑፉን አዩት። ከዚያ እንድሪስን አዩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጻፈላቸውን ብቻ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ሜዳሊያውን አንስተው አንገቱ ላይ አጠለቁለት።

«ማንም ቃል አልጠየቀህም» አሉት ማይክራፎኑ ውስጥ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሦስተኛ፣ እንድሪስ አራጋው። አዲስ አበባ ትሄዳለህ። ሂድ፣ አባትህ ቆመዋል።»

እልልታው ጣሪያውን ነካ። እንድሪስ ወርዶ አባቱ አንገት ላይ ተጠመጠመ፤ ጋሽ አራጋው «ሰማሁ! ሰማሁ!» እያሉ ጀርባውን መቱት።

ከእንድሪስ ቀጥሎ ስማቸው የበራው ሰባት ልጆች ሜዳሊያ ሳይጠብቁ ሄደው ከተቀሩት ጋር ቆሙ። ሥርዓቱ በዚህ ጊዜ «የተቀሩት ተመራቂዎች» እንዲባል ያዛል። ወረቀቱ አቶ ወንድይፍራው እጅ ላይ ነበር። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከኋላ የቆሙትን አርባ አንድ ልጆች ተመለከቱ። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በር ላይ ሰላም ያሏቸው ልጆች ናቸው።

«ብዙአየሁ ሐሰን» አሉ ያለ ወረቀት፣ ያለ ሰሌዳ።

ብዙአየሁ ግራ ገብቷት ቆመች።

«ነይ እንጂ! ስምሽን ጠራሁ እኮ!»

ሮጣ ወጣች። እጇን ጨበጧት። ቀጥለው ሌላ ስም ጠሩ፣ ከነአባቱ። አንድም አልተሳሳቱም። ከመጀመሪያውም ሠላሳ ስምንተኛና አርባ አራተኛ የነበሩትን፣ በስማቸው እንጠራለን ብለው ሕልም እንኳ ያላዩትን ልጆች ጠሩ። ከሃያኛው ስም በኋላ ድምፃቸው ሻከረ። ሰው ውኃ አቀበላቸው፤ ጠጥተው ቀጠሉ። ከትምህርት ቢሮ የመጡ አንድ እንግዳ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ፤ በሦስተኛው ሰዓታቸውን ትተው ማጨብጨብ ያዙ።

ኢክራም እናቷን ፈለገች። ከዲጃ አላጨበጨበችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ሻንጣው ትዝ አላት ለኢክራም፤ የአባቷ ጥያቄም። ለእናቷ ምን ብላ እንደምታስረዳት አታውቅም፤ ቢሆንም በሠራችው ነገር አልተጸጸተችም፣ ይህም ለራሷ ገረማት።

አርባ ስሞች አለቁ። አቶ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጀመሪያዋን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኳት እንድትሰሙልኝ ነው» አሉ። «ኢክራም ይመር!»

ከኋላ በኩል አንድ እልልታ ብቻውን ተነሳ፤ ረጅም፣ ስለታም፣ ማቆሚያ የሌለው። ኢክራም ድምፁን ለየችው። ከዲጃ ወንበር ላይ ወጥታ ቆማለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ስድስት ክሬን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት እጆቿ አየር ላይ ናቸው።

«የይመር ልጅ!» ብላ ጮኸች። «የኔ ልጅ! ሂጂ፣ ውጪ!»

ኢክራም ለሁለተኛ ጊዜ ደረጃውን ወጣች። አቶ ወንድይፍራው የሚሰጧት ሜዳሊያ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አልለቀቁትምም። ወደ አዳራሹ ስትዞር በመቶ የሚቆጠሩ ፊቶች ተመለከቷት። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ የተቀመጠ አንድም አልነበረም።